ተሰብሮ ማሽን ውስጥ የቀረ የፕላስቲክ ኒፕል እንዴት ይወጣል?

ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል።

ሐዋሳ በምሠራበት ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ዲስቲለር አለች። በሰዓት 4 ሊትር የተጣራ ውሃ የምታወጣ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ግን ታማኝ ናት። አንድ ጠዋት የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበት የፕላስቲክ ኒፕል (ጎማውን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ አጭር ቱቦ) ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። ውሃውን ዘግቶ፣ ኒፕሉን ፈትቶ፣ ቴፍሎኑን (እንዳያፈስ የሚጠመጠምበትን ስስ ቴፕ) መቀየር ነበር። እኔ ግን የቧንቧ ቁልፍ አነሳሁና "ትንሽ ልጨምርለት" አልኩ። ቀጭ! ግማሹ ከነጎማው እጄ ላይ ቀረ። ግማሹ ኒፕሉ በሚገባበት የማሽኑ የነሐስ አንገት ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም ስባሪ ደጋግሜ አውጥቻለሁ። ያበላሸሁትም አለ። እዚህ የምጽፈው ከሁለቱም የተማርኩትን ነው። ዋና ምሳሌዬ ዲስቲለሯ ናት። የመስታወት ኮንደንሰር (እንፋሎትን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ቱቦ) እና ኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ናሙናን በከፍተኛ ግፊት እየገፋ ውህዶቹን የሚለይ ማሽን) የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ወደ ኋላ ለብቻ እመጣባቸዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ውስጥ የቀረው ስባሪ ቆሻሻ ነው። ይቆረጥ፣ ይቧጠጥ፣ ይቀደድ፣ ማንም አያዝንለትም። ዋጋ ያለው የተቀረቀረበት ቀዳዳ ጥርስ፣ ማለትም ኒፕሉ እየተጠመዘዘ የሚገባበት ጥምዝ መስመር ነው። ጥርሱ ከተጫረ የጥቂት ብር ኒፕል የነበረው ጉዳይ የማሽን ጥገና ይሆናል።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ሲሰበር የሰው ደመ ነፍስ ወዲያው መጎርጎር ነው። አትጎርጉሩ። በድንጋጤ የገባ ካቻቢቴ ከተሰበረው ኒፕል የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ማሽኑን አጥፉ፤ ሶኬቱንም ንቀሉ። የውሃውን ቧንቧ ዝጉ። ዲስቲለር ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውስጧ የፈላ ውሃ አለ። 4 ሊትር የምታወጣ ዲስቲለር 3 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክ ትስባለች። እርጥብ እጅና ይህን ያህል ኃይል አንድ ላይ አይሆኑም። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ዕቃ የሚያመክን ማሽን) ከሆነ የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ።

ማሽኑ ደም፣ ሽንት ወይም የጀርም ናሙና የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ይጽዳ። 0.5 በመቶ በረኪና ለ10 ደቂቃ በቂ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ መሆኑ ነው። ከዚያ በንጹህ ውሃ በደንብ ይታጠብ፤ በረኪና ብረት ይበላል። ሌላም ምክንያት አለው። ቀጥሎ አቼቶ ልንጠቀም እንችላለን፣ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

መነጽር አድርጉ። የተሰበረ ፕላስቲክ ሲፈናጠር ቀጥታ ወደሚያየው ሰው ነው የሚመጣው።

ምን እንደቀረ እዩ

የስልካችሁን መብራት አብሩና ቀዳዳውን ፎቶ አንሱት። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ዓይናችሁ ያላየው ብዙ ነገር ይታያል። ሦስት ጥያቄ መልሱ።

ስባሪው ከአፉ ወጣ ብሏል? ወጣ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። በፒንሳ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት። አጥብቃችሁ አትጭመቁ፤ ያረጀ ፕላስቲክ ይፈረፈራል። አብዛኛው ጥርስ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። እንደ ሃይድሮጂንና አሲቲሊን ያሉ ተቀጣጣይ ጋዞች ሲሊንደር ላይ ያለው ግን በተቃራኒው ነው። እሱን ጭራሽ አትንኩት፣ የባለሙያ ነው።

ቀዳዳው ከምን የተሠራ ነው? ነሐስ፣ አይዝጌ ብረት፣ ፕላስቲክ ወይስ መስታወት? የምትመርጡት ዘዴ በዚህ ይወሰናል።

ነጭ ደለል አለበት? የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል። ጀበናና ማፍያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት እዚህም ጥርሱ መሃል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ካለ፣ በአቼቶ የተነከረ ጥጥ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ፊሽ ፊሽ የሚል ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ሥራውን እየሠራ ነው። አሉሚኒየም ላይ ግን አቼቶ አታቆዩ።

እግረ መንገዴን ስለ ልክ ልናገር። "ግማሽ ኢንች" የሚባለውን ኒፕል በካሊፐር ብትለኩት የጥርሱ ውጫዊ ስፋት 21 ሚሊሜትር ያህል ነው። ግማሽ ኢንች ደግሞ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ስሙ የመጣው ከድሮ ብረት ቧንቧ ውስጣዊ ስፋት እንጂ ከጥርሱ አይደለም። አዲስ ለመግዛት "21 ሚሊ ስጡኝ" ብላችሁ ሱቅ ለሱቅ እንዳትንከራተቱ ነው። ስባሪውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሱቁ አይቶ ያውቀዋል።

እሳት ሳይሆን በረዶ

ዲስቲለሯን በሰበርኩ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ማሞቅ ነበር። የተጣበቀ ብሎን በእሳት ነው የሚፈታው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። የፀጉር ማድረቂያ ተውሼ ነሐሱን አሞቅኩት። ስባሪው ጭራሽ ጠበቀ።

የግቢውን ቧንቧ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። መጥተው አዩና ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ ፕላስቲክን በእሳት አታስፈራራው። ያብጣል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"በረዶ የላችሁም እንዴ? ይሄ ሁሉ ፍሪጅ ተገትሮ!"

ልክ ነበሩ። ናይለን ሲሞቅ ከነሐስ ከአራት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ሲበርድም በዚያው ልክ ይኮማተራል። ነሐስ ውስጥ ያለን ናይለን ስታሞቁት ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል፤ ናይለኑ ግን የበለጠ ይወፍርና ግድግዳውን ይገፋል። ስታቀዘቅዙት ተቃራኒው ይሆናል። ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ብታወርዱት ባለ 21 ሚሊሜትሩ ናይለን ከነሐሱ በ0.03 ሚሊሜትር ያህል አብልጦ ይጠባል። የፀጉር ክር ግማሽ ቢሆን ነው። ለተጣበቀ ጥርስ ግን ይህችው ትበቃለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ ላብራቶሪ ጓንት ጣት ቁረጡ። በተፈጨ በረዶ ሙሉትና አፉን በክር እሰሩት። ጓንቱ ስለሚለጠጥ የስባሪውን ቀዳዳ ቅርጽ ይዞ ይገባል። 10 ደቂቃ አቆዩት። በረዶው ፕላስቲኩን ከውስጥ ስለሚነካው እሱ ከነሐሱ ቀድሞ ይበርዳል። ጓንቱን እንዳወጣችሁ ወዲያው ወደሚቀጥለው ሥራ ግቡ። ሻይ ጠጥቼ ልምጣ የለም።

ቀዳዳው ራሱ ፕላስቲክ ከሆነ በረዶው ያን ያህል አይጠቅምም፣ ሁለቱም እኩል ይጠባሉና።

የሞረድ ጭራ

ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። አሮጌ ሞረድ አግኙ፤ የእንጨት እጀታውን አውልቁ። እጀታው ውስጥ የሚገባው ሹል ጭራ አራት ጠርዝ አለው፤ ወደ ጫፉም እየቀጠነ ይሄዳል። የተሰበረ ኒፕል መሃሉ ክፍት ስለሆነ ጭራው እዚያ ይገባል፤ አራቱ ጠርዞች ፕላስቲኩን ይነክሱታል።

መጀመሪያ፣ ከበረዶውም በፊት፣ ቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚወስድ ከሆነ ትንሽ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጥልቀት አስገቡ። ክር እሰሩበትና ክሩን ወደ ውጭ አስቀሩት። ፍርፋሪ ማሽኑ ሆድ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ክሩ የሚያስፈልገው ጨርቁን እንዳትረሱት ነው። የረሳ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ ጭራውን አስገቡና የሞረዱን ሌላ ጫፍ በመዶሻ እንጨት ሁለት ሦስቴ ኳ ኳ አድርጉ። በብረቱ በኩል አትምቱ። ሞረድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ደግሞም ብዙ ከመታችሁት ጭራው ፕላስቲኩን ወደ ጎን ይወጥረውና ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ነክሶ ከያዘ ይበቃል።

አሁን ወደ ግራ አዙሩ። ከማዞራችሁ በፊት ግን የነሐሱን አንገት በሌላ ቁልፍ ያዙ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዲስቲለር ላይ ያ የነሐስ አንገት የተበየደው ስስ ቆርቆሮ ላይ ነው። ስባሪው እምቢ ካለ የምትጠመዝዙት ቆርቆሮውን ነው፤ ያ ከተቀደደ መጠገኛ የለውም ባይባልም ብየዳ ቤት መሄድ ግድ ነው። በግራ እጃችሁ አንገቱን ባለበት አጽኑ፤ በቀኝ ሞረዱን በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ኃይል ሳይሆን ወጥ የሆነ ግፊት ነው የሚፈለገው።

ሲላቀቅ "ጥርቅ" የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። እሷ ከመጣች ሥራው አልቋል። ግማሽ ኢንች ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር የሚወጣው 1.8 ሚሊሜትር ነው። አምስት ስድስት ዙር ታገሱ እንጂ ተላቀቀ ብላችሁ አትጎትቱ። ጭራው ፕላስቲኩን እየላጠ ባዶውን ከዞረ ግን አቁሙ። አንዴ እንደገና አቀዝቅዛችሁ ሞክሩ። ሁለተኛም እምቢ ካለ ወደ መጋዝ።

መጋዝ

እዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።

የብረት መጋዝ ምላጭ ብቻውን ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በጨርቅና በፕላስተር ጠቅልሉት፤ እጀታ ይሆናል። ምላጩን ስባሪው መሃል አስገቡና ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ነሐሱ አቅጣጫ ቁረጡ። በረጅሙ አትሳቡ፤ አጭር አጭር አድርጉት።

ትልቁ ጥያቄ የት ይቆማል የሚለው ነው። ዱቄቱን እዩ። ነጭ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ዱቄት እስከመጣ ቀጥሉ። ቢጫ የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ነሐሱ ላይ ደርሳችኋል፤ በአፋጣኝ አቁሙ። ድምፁም ይለወጣል። ፕላስቲክ ሲቆረጥ የታፈነ ነው፤ ብረት ሲነካ ይጮኻል። እኔ ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ። ወደ ጥርሱ ሲቃረብ በየሁለት ሦስት ስበት ቆም ብላችሁ በብሩሽ ጥረጉና እዩ። አንድ ጥርስ ላይ ትንሽ ጭረት ቢያርፍ ቴፍሎን ይሸፍነዋል። ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ጥርስ ግን ሁልጊዜ ያንጠባጥባል።

ከዚያ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ቁረጡ። በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለችውን ቁራጭ በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ፈንቅሏት። ሁልጊዜ ወደ መሃል ነው እንጂ ወደ ግድግዳው አይደለም። እሷ ስትወጣ የቀረው ፕላስቲክ ቀለበት መሆኑ ያበቃል፤ ውጥረቱ ይረግባል። በፒንሳ ወደ ውስጥ እጥፍ አድርጋችሁ ብታዞሩት ተጠቅልሎ ይመጣል።

ትራፓኖስ? የሚል አይጠፋም። እኔ አልመክርም። ፑንታው ሲፈጥን ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ጥርሱ ላይ ይጋገራል። ካልሆነም ፑንታው ወደ ጎን ይንሸራተትና ጥርሱን ይበላዋል።

የጋለ ካቻቢቴ የሚባለውን ዘዴም ሳትሰሙት አትቀሩም። አሮጌ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በእሳት አግሎ ስባሪው ውስጥ መትከል፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከዚያ ማዞር። ይሠራል። ግን ላብራቶሪ ውስጥ አታድርጉት። አልኮልና አሴቶን ባለበት ክፍል እሳት ማቀጣጠል ሞኝነት ነው። ስባሪው ፒቪሲ ከሆነ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ይወጣዋል፤ ቴፍሎን ከመጠን በላይ ሲግልም ጭሱ መርዝ ነው። እቃው ተነቅሎ ደጅ መውጣት የሚችል ከሆነ ብቻ፣ ነፋስ ባለበት ሞክሩት።

አሴቶን ይፍሰስበት የሚል መካሪም አይጠፋም። አሴቶን ናይለንና ፖሊፕሮፒሊንን አይነካም፤ ኒፕሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔትን ግን ያበላሻል፤ ብዙ ማሽን መስኮቱና ሽፋኑ ከእነሱ ነው። ማለትም ስባሪውን ትቶ ማሽኑን ይበላል።

መስታወት ላይ ሲሆን

ኮንደንሰር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፕላስቲኩ የሚገኘው ከውጭ ነው፤ ክዳን ሆኖ የመስታወቱን ጥርስ ይሸፍናል። ስለዚህ በረዶ ካደረጋችሁበት ይጠብና መስታወቱን ይጨመድደዋል። እዚህ ሙቅ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችለው የላብራቶሪ) መስታወት ሲሞቅ ምንም ያህል አይለጠጥም፤ ክዳኑ ግን ሰፋ ይላል። በአጭሩ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ከሆነ በረዶ፣ ውጭ ከሆነ ሙቅ ውሃ።

የፈላ አያስፈልግም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ሥራ እሱም ይበዛል። 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ክዳኑ ላይ ጠቅልሉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በወፍራም ጓንት ያዙና በእጅ ብቻ አዙሩ። ፒንሳ የለም፣ መዶሻ የለም።

ጎማ መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አትጎትቱ። መስታወቱ ድንገት ሲሰበር መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጎማውን በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቁትና ላጡት። የአንድ ሜትር ጎማ ዋጋ ከስፌት ይሻላል።

ኤችፒኤልሲ

እዚህ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው። ፒክ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ማጥበቂያ ጥርሱ 4.8 ሚሊሜትር ያህል ነው። መሃሉ የሚያልፈው ቱቦ 1.6 ሚሊሜትር ነው። የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቅላቱ ሥር፣ አንገቱ ላይ ነው።

ፓምፑን አጥፉና ግፊቱ ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ። ሜታኖልና አሴቶናይትራይል ተቀጣጣይ ስለሆኑ የእሳት ነገር እዚህ አይነሳም። ቱቦው በቀላሉ የሚመጣ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። የሚቀረው ቀዳዳ 1.6 ሚሊሜትር ነው። ባለ 1.5 ሚሊሜትር የአለን ቁልፍ (ስድስት ጠርዝ ያለው) ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1.73 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ጫፉን በእጃችሁ ጫን ስታደርጉት ጠርዞቹ ፒኩን ይነክሳሉ። ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መዶሻ እዚህ አካባቢ ድርሽ አይበል።

አንዳንዴ ጥርሱ ይወጣና ሾጣጣዋ ጫፍ ብቻ ውስጥ ትቀራለች። እሷ ጥርስ ስለሌላት በማዞር አትወጣም። በጣም ቀጭን ብሎን ቀዳዳዋ ውስጥ ሁለት ዙር ብቻ አስገቡና በፒንሳ ቀጥታ ሳቡ። ብሎኑ አልፎ የቀዳዳውን ወለል እንዳይነካ። ያ ሾጣጣ ወለል እስከ 400 ባር ድረስ ውሃ የሚያቆመው በልስላሴው ነው፤ በመርፌ የተጫረ እንኳ ያፈሳል። አልወጣ ካለ ክፍሉን ፈትታችሁ ቀይሩት እንጂ አትቆፍሩት። ስባሪው ከወጣ በኋላ ኮለኑን (ናሙናው የሚለይበትን ቱቦ) እና ዲቴክተሩን (የተለየውን የሚለካውን ክፍል) ሳታገናኙ ፈሳሹን ወደ ቆሻሻ ዕቃ ልቀቁት። ፍርፋሪ ካለ እዚያ ይውጣ።

አዲሱን መግጠም

ጨርቁን በክሩ ሳቡ። የድሮ የጥርስ ብሩሽ በአቼቶ ነክራችሁ ጥርሱን ፈትጉ፤ የቴፍሎን ቁርጥራጭ ካለ በጥርስ እንጨት ልቀሙት። ውሃውን ለጥቂት ሰኮንድ ወደ ባልዲ ልቀቁና ይታጠብ።

ብዙ ሰው "ሁለተኛ ፕላስቲክ አልገጥምም፣ ነሐስ ይሁን" ይላል። እኔ አልስማማም። ጎማ ሲጎተት የሆነ ነገር መሰበሩ አይቀርም። ነሐስ ኒፕል ከሆነ የሚሰበረው ስሱ ቆርቆሮ ነው። የጥቂት ብር ፕላስቲክ ቢሰበር ይሻለኛል። ሁለት መለዋወጫ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጎማውንም ግድግዳው ላይ በፋሼታ አስሬዋለሁ፣ ክብደቱ ኒፕሉ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ቴፍሎኑን ጥርሱን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ ጠቅልሉ፣ ሦስት አራት ዙር። ከዚያ በላይ ማወፈር ኒፕሉን ከመጠን በላይ ያስጨንቃል። በእጅ እስኪቆም አጥብቁ፤ ከዚያ ግማሽ ዙር ብቻ ጨምሩ።

ውሃውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ሶፍት ቀዳዱና ኒፕሉ ሥር ጠምጥሙት። በዓይን የማትታይ ጠብታ ሶፍት ላይ ትታያለች። ግማሽ ሰዓት ደረቅ ከሆነ ማሽኑን አብሩ። ማታ ስትወጡ የግድግዳውን ቧንቧ ዝጉ። ሄዳ የነበረች ውሃ ሌሊት በኃይል ስትመለስ የምታገኘው አዲሱን ኒፕል ነው።

የቧንቧ ቁልፉን ግን እኔ ከላብራቶሪው አውጥቼ ስቶር አስገብቼዋለሁ።